አራት ኪሎ ላፕቶፕ ይዞ ለመቀመጥ ስንት ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል?

ከግንፍሌ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የአራት ኪሎ፣ የአምስት ኪሎና የስድስት ኪሎን ካፌዎች ለምታውቁ ነው።

ሥራዬ የድምፅ ቅጂ እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ቃለ መጠይቅ፣ ስብሰባ፣ አንዳንዴም ሁሉም በአንዴ የሚናገርበት የገበሬዎች ውይይት። እስከ አምና ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካለች አንዲት ካፌ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሠርቻለሁ። እዚያ ተማሪው አምስት ሆኖ ሁለት ሻይ ያዝዛል፣ የሚቆጣ የለም። ባለቤቷ እንዲያውም ብርዱ ሲጠና "ደረብ አድርጊ እንጂ" እያለች ወንበሬን ከበሩ ታርቅልኝ ነበር።

አሁን ግንፍሌ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አከራዬ ከንጋት ጀምሮ ቴሌቪዥን ይከፍታሉ፤ ቅጂው ውስጥ የሌለ ድራማ ጽፌ ልልክ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ ዳገቱን እየወጣሁ ካፌ ማዞር ጀመርኩ።

ያለፈው ማክሰኞ አንዱ ጋ ገባሁ፣ ማኪያቶ አዘዝኩ። ቻርጀሬን ላወጣ ስል ሶኬቱ ላይ ቡናማ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ተለጥፎበታል። እሺ፣ ባትሪ አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አስተናጋጇ መጥታ ብርጭቆዬን አነሳችው፤ ገና ሁለት ፉት ይወጣዋል። "አልጨረስኩም" አልኳት። መለሰችልኝ፣ ግን ጠረጴዛውን ዙሪያውን ወለወለችው፣ የላፕቶፔን ጠርዝ ጭምር። ትንሽ ቆይታ "ሌላ ምን ልታዘዝ?" ሁለተኛ ማኪያቶ። ከዚያ ሦስተኛ። በሦስተኛው እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስምንት ገጽ ላደርስ ወጥቼ ሦስት ገጽ ሠርቼ 240 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ቦታ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል፤ ይበልጥ የቸገረኝ ግን ደንቡ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ለመቀመጥ ስንት ማዘዝ ነው የሚገባው? እነሱ ናቸው ያበዙት ወይስ እኔ?

የፒያሳ ልጅ

እህቴ፣ የእኛ ካፌ የወሬ ቤት ነው፣ የሥራ ቤት ሆኖ አያውቅም። ቶሞካን እዪው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ቤት ነው፣ የፒያሳው ዋናው ቆሞ ነው የሚጠጣበት። ክርን ታስደግፊያለሽ፣ ፉት ትያለሽ፣ ትወጫለሽ። ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስናቀዘቅዝባቸው የነበሩት የፒያሳ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ በ2016 ከሰፈሩ ጋር ፈርሰዋል። (የሱን ቁጭት ሌላ ቀን።)

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። ፓርላማው ፊት ለፊት ነው፣ በ2014 የተከፈተው። በነፃ ትቀመጫለሽ፣ ብርጭቆ የሚያነሳብሽም የለም።

ከግንፍሌ

አብርሆትን ሞክሬዋለሁ፤ ጸጥታው ለእኔ ጆሮ ገነት ነው። ችግሩ ደንበኛ ሲደውል ነው። ስልክ ለማንሳት ሁሉን ሰብስቤ እወጣለሁ፣ ስመለስ ወንበሬ ላይ የማትሪክ ተፈታኝ ተቀምጧል። ተነሳ አይባል ነገር።

ትሪ ያዥ የነበረች

አምስት ዓመት ስድስት ኪሎ አስተናግጃለሁ፣ አሁን ሌላ ቦታ ካሸር ነኝ። ልንገርሽ።

ያቺ ልጅ ላፕቶፕሽን የወለወለችው ጠልታሽ አይደለም። ባንኮኒው ጋ የቆመ ሰው በዓይኑ "አሁንም አለች?" ብሏታል። የእኛ አሠሪ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ በሩ ላይ ቆም ብሎ አይቶ የተመለሰው ነበር የሚያንገበግበው። የልጅቷ ሂሳብ ደግሞ ሌላ ነው። ደሞዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፣ የምትኖረው በቲፕ ነው። አንድ ጠረጴዛ ይዘሽ ረፋዱን ሙሉ ተቀምጠሽ ስትወጪ አሥር ብር ብትተዪላት ፈረቃዋን በላሽባት ማለት ነው።

ስለዚህ ማኪያቶ መቁጠሩን ተዪው። ቲፑን ስትገቢ ስጪ። 50 ብር እጇ ላይ አድርጊና "እስከ 5 ተኩል እቆያለሁ" በያት። ያኔ የእሷ እንግዳ ነሽ፤ ባንኮኒው በዓይኑ ሲጠይቃት የምትመልሰው አላት። መስኮትና ባለ አራት ወንበር አትያዢ። ወደ መጸዳጃ ቤት መተላለፊያው አጠገብ ሁሌም አንዲት ባለ ሁለት ወንበር አለች፣ የሚፈልጋት የለም፣ እሷን ያዢ። ከማኪያቶው ጋር ውሃ እዘዢ። ባዶ ብርጭቆ ስናይ እጃችንን ይበላናል፤ ግማሽ ውሃ ያለበትን ፕላስቲክ ግን አናነሳም።

ሰዓትም ምረጪ። ከ1 እስከ 3 ቁርስ ነው፣ አትምጪ። ከ3 እስከ 5 ተኩል ወንበሩ ራሱ ያዛጋል። ከ6 በኋላ ምሳ ነው፣ ቦታ ልቀቂ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ደግሞ ወተት የሚያዝዘው ስለሚቀንስ፣ ጿሚውም ስለማይበላ፣ ቤቱ ጭር ይላል።

ስለ ፕላስተሩ፦ የመብራት ክፍያ ቆጥበው እንዳይመስልሽ። እኛ ቤት አንድ ልጅ ኤክስቴንሽን ስቦ ሦስት ላፕቶፕ ሰካ፣ ገመዱ ጠልፎኝ ስድስት ብርጭቆ ከነትሪው ወረደ። ከደሞዜ ተቆረጠ። በማግስቱ ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

አምስት ኪሎ ካምፓስ

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር አለን ቢሉሽም እኔ በማውቃቸው ሁለት ካፌዎች የሚነሳው ለቡና ማሽኑና ለፍሪጁ ነው፣ የግድግዳው ሶኬት ምንም አይደርሰውም። ዋይፋዩም አብሮ ይሞታል። ባትሪ ሞልተሽ ውጪ፣ ፓኬጅ ግዢ፣ በስልክሽ ሆትስፖት ላኪ። እኛ የመመረቂያ ጽሑፋችንን የጨረስነው እንዲያ ነው፣ ግማሹን ጀበና ቡና የምታፈላ ሴትዮ ጋ በርጩማ ላይ፣ ላፕቶፑን ጭን ላይ አድርገን። ጭኔ ተቃጥሏል፤ አልመክርም።

ከግንፍሌ

ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ እዚያው ካፌ ተመለስኩ፣ ልክ በ3 ሰዓት። ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ። 50 ብሩን ሰጥቼ እስከ 5 ተኩል አልኳት፤ መጀመሪያ ብሩን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ ከዚያ ራሷ ወደ መጸዳጃው መተላለፊያ መራችኝ። ሽታው ያን ያህል አይደለም። አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ውሃ፣ ሰባት ገጽ።

በመሃል አንድ ቃል አቃተኝ። የሚያወሩት ስለ እርሻ ነው፣ አንዱ ሽማግሌ "ወገቡ ወለቀ" ይላሉ፣ ሌላውም "የእኔም ወለቀ" ይላል። ፊቴን አጨፍግጌ ስደጋግመው ልጅቷ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ቃሉን ነገርኳት። "ወገብ ሳይሆን ወገል ነው" አለች፤ ማረሻውን ጠፍሮ የሚይዘው ብረት። አባቷ ገበሬ ናቸው።

ሁለት ሰው ወገቡ ወልቆ እርሻው ላይ ቀረ ብዬ ጽፌ ልልክ ነበር።