በጋዝ የሚሠራ የቀረጻ ሽጉጥ ስላይዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ምን ይሻላል?

የቁሳቁስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ አጭር ድራማ ቁሳቁስ የማቀርበው እኔ ነኝ። ዳይሬክተራችን ከውጭ ያስመጣው ኤርሶፍት ሽጉጥ አለ፤ በጋዝ የሚሠራ፣ 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ፣ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ክፍል) ብረት የሆነ። ጋዙ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ሽጉጡ ባዶውን መጣ፤ እኛም ስታዲየም አካባቢ የላይተር ጋዝ ገዝተን ሞላንበት። ቃታውን ስስበው ፍስስ ይልና ስላይዱ ግማሽ ሄዶ ይቀራል። ከሁለቱ ካዝናዎች አንዱ ደግሞ ማታ ሞልተነው ካደርን ጠዋት ባዶ ነው። የመብራት ሠራተኞቻችን «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ማታ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ጣሪያ ላይ ቀረጻ አለብን። እባካችሁ የምታውቁ።

ቦሌ ቦይ
ደብሊውዲ-40 የሚባለውን የሚረጭ ዘይት ንፋበት። የማይፈታው ነገር የለም።

ጋሼ ፍሪዮን (ተክለሃይማኖት)
ልጄ፣ ከላይ ያለውን እንዳትሰማ። እሱን ነፍተህበት ጎሚኒው ካበጠ ያኔ ነው ጣጣው። ለጎማ ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ነው፣ በቃ።

እኔ ሥራዬ ፍሪጅ ነው። ግን የእህቴ ልጅ ይህንኑ ዓይነት አምጥቶልኝ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ካዝናው ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ነው። ታች ፈሳሽ፣ ላይ እንፋሎት። መምቻው ቫልቩን ሲመታው እንፋሎቱ ይወጣል፤ መጀመሪያ ፍሬውን ይገፋል፣ ከዚያ ስላይዱን ወደ ኋላ ይመልሳል። እንፋሎቱ ጉልበት ካጣ ስላይዱ አንተ እንዳልከው ግማሽ ላይ ይቀራል።

ከፍታውን ተዉት። ካዝናው ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። እንዲያውም የውጭው አየር ስለሳሳ ጋዙን የሚመክተው ቀንሷል፤ ከፍታው ለእናንተ ያደላል።

ችግሩ የላይተር ጋዙ ነው። ቢዩቴን በ20 ዲግሪ 2 ባር ገደማ ቢሰጥህ ነው፣ ከዚያም ላይ የውጩ አየር ይቀነስበታል። ሽጉጡ የተሠራለት «ግሪን ጋዝ» የሚሉት ግን ትንሽ የሲሊኮን ዘይት የገባበት ፕሮፔን ነው፤ በዚያው ሙቀት 8 ባር ያልፋል። ጃፓኖቹ ደግሞ ስላይዱን ፕላስቲክ አድርገው 134ኤ በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ያሠሩታል፤ እሱ 5.7 ባር አካባቢ ነው። 134ኤ የእኛ እንጀራ ነው፣ የፍሪጅና የመኪና ኤሲ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ። በተለመደው ሁኔታ እሳት አይዝም፣ ለቀረጻም ይሻልሃል። የኮምፕረሰር ዘይት ወይም ቀለም የተቀላቀለበትን ቆርቆሮ ግን አትግዛ። አዳዲስ ፍሪጆች የሚሞሉት 600ኤ ነው፤ ስሙ ቢለይም የቢዩቴን ወንድም ነው፣ እሳትም ይይዛል፣ ጉልበትም የለውም። ከወጥ ቤት ሲሊንደር ልቅዳ እንዳትል ደግሞ፤ እሱ ቤት ማቃጠል ነው።

ያንተ ስላይድ ብረት ስለሆነ በ134ኤ ሊከብደው ይችላል። መመለሻ ሞላውን በለስላሳ ቀይርለት። ማታ 10 ዲግሪ ሲሆን ግፊቱ ወደ 4 ባር ይወርዳል፤ ስለዚህ ካዝናዎቹን ኮት ውስጥ፣ ገላህ አጠገብ ያዛቸው። ምድጃ አጠገብ አይደለም! አከታትለህ ከተኮስክ ደግሞ ፈሳሹ ሲተን ራሱ ካዝናውን ያበርደዋል፤ በእጅህ ታውቀዋለህ። በየቀረጻው መሀል አሳርፈው።

የሚያፈሰውን ካዝና ሙላውና ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ንከረው። አረፋው ከመሙያው ነው፣ ከላይኛው ቫልቭ ነው ወይስ ከታች ክዳኑ? ንገረኝ። ጋዙን ጨርሰህ ሳታስወጣ ካቻቢቴ እንዳታስጠጋ።

ካሜራ ጀርባ
ጋሼ ጨርሰውታል፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ድምፁንና እሳቱን ኤዲቲንግ ላይ ስለምትጨምሩት የሚያስፈልጋችሁ የስላይዱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ፍሬ አታስገቡ፣ የተዋናይ ዓይን አለ። ደግሞ ያ ጣሪያ ከመንገድ ይታያል። ከታች ላለ ሰው ሽጉጥ ሽጉጥ ነው። አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ በጦር መሣሪያ ጉዳይ ቀልድ የለም፤ የአካባቢውን ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ዕቃውም ከቦርሳ የሚወጣው ካሜራው ሲዘጋጅ ብቻ ይሁን።

የቁሳቁስ ልጅ
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ፕሮዳክሽን ይዞታል። አረፋው ከታች ክዳኑ ዙሪያ ነው የሚወጣው፤ ፈትቼ ሳየው ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ምትኩን የት አገኛለሁ?

ጋሼ ፍሪዮን (ተክለሃይማኖት)
የመኪና ኤሲ የሚሠሩት ጋ ሂድ። ሣጥን ሙሉ አረንጓዴ ኦሪንግ አላቸው፣ ለ134ኤ የተሠራ ነው። አሮጌውን ይዘህ ሂድና አጠገብ ለአጠገብ አስተያይ፤ ውፍረቱንም ጭምር፣ ክብነቱን ብቻ አትይ። ስታስገባው ሲሊኮን ቀባው፣ ሳይጠማዘዝ ይቀመጥ። መሙያው ላይም ከመሙላትህ በፊት አንዲት ጠብታ ሲሊኮን፤ 134ኤው እንደ ግሪን ጋዙ ዘይት ይዞ አይመጣም።