የወንበር እንቅስቃሴው ዕቅድ፦ ለጉባኤ ከመቅረቡ በፊት እዚሁ እንጨርስ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ይኸው። የወንበር ዮጋ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በእድሩ አዳራሽ፣ 20 ደቂቃ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ዘለልነው። ተቀምጦ ትከሻ ማፍታታት፣ ወገብ ቀስ ብሎ ማዞር፣ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ መሳብ፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ጉልበት ለሚያማቸው ነው። በደሴ ብርድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተኛ አይባልም። ነርሷ በነጻ ታሠራናለች።

ዳኛው፦ «ዮጋ» የሚለውን አውጡት። ቄሱም ሼኹም ጠይቀውኛል።

ጸሐፊዋ፦ ወጥቷል።

ንብረት ኃላፊ፦ ወንበሩ የለቅሶ ነው። አላወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአምናው ሰርግ ግን ወጥቷል። ስንት ተሰብሮ ተመለሰ?

ንብረት ኃላፊ፦ ደግሞ ጀመርሽ! 6 ነው። ባለ ሰርጉ 4ቱን ተክቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ነጭ ሰጥተን ሰማያዊ ተቀበልን። ለቅሶ ላይ እንግዳ ሲያየው ያሳፍራል።

ንብረት ኃላፊ፦ እኔ ነኝ ቀለሙን የመረጥኩት? ቁልፉን ነገ ውሰጂው!

ነርሷ፦ እባካችሁ። የክንድ መደገፊያ ያለው አይመችም። ፕላስቲኩ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ይጠጋ። እግር መሬት ይንካ። ግፊት ያለበት ትንፋሹን አይያዝ፤ ያዞረው ያቁም።

ንብረት ኃላፊ፦ ሁሉም መደገፊያ አላቸው። አለቀ።

የሰኞ ገበያ ሰፈር አባል፦ በርጩማ እናምጣ።

ጡረተኛው መምህር፦ ከበርጩማ ወደ ኋላ ስወድቅ ነው ወንበሩ የሚወጣልኝ?

ንብረት ኃላፊ፦ ኧረ ጋሼ፣ አላህ ያቆይዎት። ለእርስዎ 10 አወጣለሁ። ፈርመው ግን።

ጡረተኛው መምህር፦ እፈርማለሁ። ሰኔ 14 እንጀምር፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው የዮጋ ቀን ነው።

ዳኛው፦ ጋሼ፣ ቃሉን አውጡት ብያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለምን 40 መደገፊያ የሌለው አንገዛም? በሌላው ቀን ለሰርግ ይከራያል።

የሰኞ ገበያ ሰፈር አባል፦ ይሄ ነው ዕቅድ!

ዳኛው፦ ጥሩ። ክረምት ሳይገባ የድንኳኑ ቀዳዳም ይጨመርበት። ባለፈው ለቅሶ በስብሰናል።

ጸሐፊዋ፦ እሺ። ረቂቅ ሁለት፦ ወንበር ግዢ፣ የኪራይ ዋጋ፣ ድንኳን ጥገና። እንቅስቃሴው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ገብቷል። ነርሷ፣ ማክሰኞ ይመችሻል?

ጸሐፊዋ፦ ነርሷ?

ንብረት ኃላፊ፦ ነጭ ይሁን ወንበሩ።