ለመስክ ሥራ የሚሆን መልቲቱል፦ ሌዘርማን ወይስ ቪክቶሪኖክስ? የቱ ይጠነክራል?

ጥያቄ፦ የሶላሩ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሶላርና የውሃ ፓምፕ ተከላና ጥገና ነው። መቀመጫዬ ኮምቦልቻ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምውለው አፋር ቆላ ነው። ዋናው የመሣሪያ ሳጥን መኪና ላይ ይቀራል፤ እኔ የታንከር ማማ ላይ ነኝ። ለአንድ ብሎን ብሎ መውረድ መውጣት ሰልችቶኛል።

እስካሁን የያዝኩት ከገበያ የገዛሁት ስም የለሽ መልቲቱል (ፒንሳ፣ ቢላና ካቻቢቴ በአንድ ላይ ያለው ታጣፊ መሣሪያ) ነው። የፒንሳው አፍ ተንጋዷል፤ ሲጨመቅ ጫፍና ጫፉ አይገጥምም። ካቻቢቴውም ተጠማዟል።

ታላቅ እህቴ ለፋሲካ ከአሜሪካ ትመጣለች፤ «ምን ላምጣልህ?» ብላኛለች። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ፦ ሌዘርማን ዌቭ ፕላስ፣ ሌዘርማን ሰርጅ እና ቪክቶሪኖክስ ስዊስቱል። ስንት ዓይነት መሣሪያ እንዳለው አያስጨንቀኝም። ሳይሰበር የሚከርመው የቱ ነው? የሠራበት ሰው ይንገረኝ።

መልስ፦ ብረት ሠሪው

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ደህና አድርገህ እየው። የት የት ላይ እንደተበላሸ ራሱ ይነግርሃል።

ፒንሳ የተሠራው ለመጭመቅ ነው። ብትጨምቀው ብትጨምቀው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሲጠመዘዝ ነው። ዳዶ በጫፉ ይዘህ ወደ ጎን ስትጠመዝዝ ኃይሉ ሁሉ ሁለቱ መንጋጋዎች የሚገናኙባት አንዲት ካስማ ላይ ያርፋል። ካስማዋ ትላላለች፣ አፉ ይንጋደዳል። ብረቱ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑ ጫፍ ቀጭ ይላል። ይሄ በውዱም በርካሹም ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ውዱ ብዙ መቻሉ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ዳዶውን በጫፉ አትያዝ። ወደ ውስጥ ገባ ሲል ጥርሱ ሰፋ ያለበት ክብ ቦታ አለ፤ ሥራው እሱ ነው። ጠንከር ካለብህ መልቲቱሉን ተወውና ውረድ፣ መፍቻ አምጣ።

ሽቦ መቁረጫው ላይ ልዩነት አለ። የአጥር ሽቦና መዳብ ለሦስቱም ቀላል ነው። ሞላ ወይም የፍሬን ገመድ ስትቆርጥበት ግን ስለቱ ይሸረፋል። ዌቭ ፕላስና ሰርጅ ላይ መቁረጫዋ በትንሽ ቪቴ የታሰረች ስለሆነች ስትጎዳ ትቀየራለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 በፊት የወጣው ዌቭ ይሄ የለውም፤ እህትህ ያገለገለ እንዳትገዛ ንገራት። ስዊስቱል ላይ መቁረጫው ከመንጋጋው ጋር አንድ ብረት ነው። ከተሸረፈ እንደተሸረፈ ይኖራል።

ለአንተ ሥራ ግን ወሳኙ ካቻቢቴው ይመስለኛል። የዌቭ ትልቁ ካቻቢቴ ቢት (ተነቃይ ጫፍ) እየነቀልክ የምታገላብጠው ነው፤ በአንድ በኩል መስቀል፣ በሌላው ጠፍጣፋ። ቢቷ ስስ ናት። ዝገት የያዘው ቪቴ ላይ ስትጠመዝዝ ማቀፊያዋ ውስጥ ትወዛወዛለች። ከማማ ላይ ካመለጠችህ ደግሞ አሸዋ ውስጥ ፈልጋት። የስዊስቱል ካቻቢቴዎች ድፍን ብረት ናቸው። ገልጠህ ስትጨርስ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ፣ ንቅንቅ የለም። የኔ ድምፅ ለስዊስቱል ነው።

መልስ፦ የጋራዥ ልጅ

ስዊስቱል አሪፍ ነው፣ ግን ወደ 290 ግራም ይመዝናል። ሰርጅ ከ350 ግራም በላይ ነው፤ ሱሪህን ያወርደዋል። ዌቭ ፕላስ 241 ግራም ብቻ ነው፤ ቢላውም ከውጭ በአንድ እጅ ይገለጣል። ማማ ላይ አንዱ እጅህ መሰላሉን ይዟል፣ ይሄን አትርሳ። ስዊስቱል ለመግለጥ ሁለት እጅና ጥፍር ይፈልጋል።

ጥንካሬ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ያልጠራኸው አንድ አለ፦ ሌዘርማን ሱፐር ቱል 300። 272 ግራም ነው፣ ካቻቢቴዎቹ ድፍን፣ መቁረጫውም የሚቀየር። ችግሩ ቢላውን ለማውጣት እንኳን መጀመሪያ እጀታውን መክፈት አለብህ።

መልስ፦ ብረት ሠሪው

ሱፐር ቱል ላይ አልከራከርህም። ፒንሳው ወፍራም ነው። ቢላ እምብዛም ለማይጠቀም ሰው ይሄዳል።

መልስ፦ ኤሌክትሪሻኗ (አዳማ)

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። ሶላር ነው የምትሠራው አይደል? እነዚህ ሁሉ እጀታቸው ራቁት ብረት ነው። ኮረንቲ ባለበት ነገር ላይ አንዳቸውም አይነኩም።

ፓኔል ፀሐይ እስካለች ድረስ አይጠፋም። በተከታታይ የታሰሩ ፓኔሎች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ዲሲ ይሰጣሉ። ባትሪው ይብሳል። «12 ቮልት ምን ያመጣል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቮልቱ ላያስደነግጥህ ይችላል፤ አምፒሩ ነው የሚያቃጥለው። መልቲቱሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አንድ ላይ ከነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ያልፍበታል። ብረቱ ግሎ እዚያው ሊበየድ ይችላል። እጅህ ላይ ቀለበት ካለ ደግሞ አታስበው። ባትሪ የሚፈታው እጀታው በተሸፈነ መፍቻ ነው። 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበት አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ከእህትህ ዝርዝር ውስጥ አስገባ። መልቲቱሉ ለማቀፊያ ብሎን፣ ለቱቦና ለሽቦ አጥር ይሁንልህ።

መልስ፦ ጋሽ ሹፌር

ልጄ፣ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሌዘርማን የሰው ስም ነው፤ ቲም ሌዘርማን ይባላል። ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት 600 አውሮፓን ሲዞር ነው። የኛዋ ሰይቸንቶ ማለት ናት! መኪናዋ ስታስቸግረው የኪስ ሴንጢው አልበቃው አለ፤ ምነው ፒንሳም ቢኖረው ብሎ ተመኘ። ሰይቸንቶ የነዳ ሰው ይሄን ታሪክ ያምናል። ገበያ ላይ ያወጣው ግን ከብዙ ልፋት በኋላ በ1983 ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ «አይዝግም» የሚለውን ጽሑፍ አትመን። የዌቭ ቢላ 420ኤችሲ የሚባል ብረት ነው፤ ዝገትን ይቋቋማል እንጂ ጭራሽ አይዝግም ማለት አይደለም። አንተ ያለህበት ቦታ ደግሞ ላብ፣ ጨዋማ አቧራና የባትሪ አሲድ አለ። ከመስክ ስትመለስ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠፊያዎቹን እሽት እሽት አድርጋቸው። በደንብ አድርቀው። ከዚያ ካስማው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። ዘይቱን አታብዛ። በዘይት የራሰ አቧራ እንደ ሞረድ ነው፤ ካስማውን እየበላ ያላላዋል። ርጥብ ሆኖ ማኅደሩ ውስጥም አታሳድረው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ስለ ዋስትና፦ ሌዘርማን የ25 ዓመት ይሰጣል። ቪክቶሪኖክስ ለብረቱና ለአሠራሩ ጉድለት የዕድሜ ልክ ይሰጣል። ሁለቱም ያለአግባብ ተጠቅመህ የሰበርከውን አይመለከቱም። እኛ እዚህ በፖስታ ልከን እናሠራለን። አንተ ግን ኮምቦልቻ ነህ። በሰው እጅ ሄዶ፣ ተሠርቶ፣ ሰው ተፈልጎ እስኪመለስ ሌላ ፋሲካ ይደርሳል። ዋስትናውን አይተህ አትምረጥ።

እህትህ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዘው። ቢላ ስላለበት ፍተሻው አያሳልፈውም። በሚጫነው ሻንጣ ትክተተው።

መልስ፦ የለንደኗ

ጠያቂውን ባይመለከትም እንግሊዝ ላላችሁ፦ ቢላው ተገልጦ የሚቆለፍ መልቲቱል ያለ በቂ ምክንያት በኪስ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት እዚህ ወንጀል ነው። ከላይ የተጠሩት ሁሉ የሚቆለፉ ናቸው። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ምክንያት አላችሁ፤ ቅዳሜ ማታ ለሽርሽር ስትወጡ ግን ቤት ይቅር።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ኤሌክትሪሻኗ እህቴ፣ የባትሪውን ነገር ለረዳቴም አስነብቤዋለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «መርካቶ ኦሪጂናል ሌዘርማን በርካሽ አለ፣ እህትህን ለምን ታስቸግራለህ?» ይለኛል። ኦሪጂናሉ በምን ይለያል?

መልስ፦ የጋራዥ ልጅ

ሣጥኑን አትይ፤ ሣጥን ማንም ያትማል። ዕቃውን አውጣና ፒንሳውን ዝጋው። ወደ ብርሃን አንስተህ ጫፉን እይ። መሃል ላይ ትንሽ ክፍተት ችግር የለውም፣ ጫፉ ግን መግጠም አለበት። ከዚያ አንዱን እጀታ ይዘህ ሌላውን ወደ ጎን ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ ተወው። እያንዳንዱን መሣሪያ ግለጥና መቆለፉን አረጋግጥ፤ ቆልፎ የሚንሸራተት ቢላ ጣት ይወስዳል። የስሙን ጽሑፍም ተመልከት። ኦሪጂናሉ ላይ ብረቱ ውስጥ ጥርት ብሎ የገባ ነው፤ ኮፒው ላይ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ የደበዘዘ ነው። በቀለም ከተጻፈና በጥፍር ከተፋቀ ነገሩ አለቀ።

ሻጩ ይሄን ሁሉ እንድታደርግ ካልፈቀደልህ መልሱን አግኝተሃል።

ጠያቂው

እንግዲያው መርካቶውን ትቼዋለሁ። ቢላ ብዙ አልጠቀምም፤ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴና ፒንሳ ነው። ስዊስቱልና ሱፐር ቱል ላይ ቀርቻለሁ። ወደ ስዊስቱል እያዘነበልኩ ነው፣ ምክንያቱም ካቻቢቴውን ለማውጣት እጀታውን መክፈት አያስፈልገኝም። ሽቦ መቁረጫውን ለሞላ እንደማልነካው ቃል እገባለሁ።

መልስ፦ ብረት ሠሪው

ጥሩ መርጠሃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ገመድ የሚታሰርበት ማያያዣ አለው። ጠንካራ ገመድ አስረህ ከቀበቶህ ጋር አገናኘው። ከማማ ላይ የወደቀ 290 ግራም ብረት ሥር ቆሞ ቱቦ የሚያቀብልህን ልጅ ሊገድለው ይችላል። ሄልሜት አለው?

ጠያቂው

አለው። አያደርገውም እንጂ።

መልስ፦ ኤሌክትሪሻኗ (አዳማ)

ካላደረገ አትውጣ።