«የሚሸወድ የትም ይሸወዳል»? በቢትኮይን ማሽን ሕግ ላይ የሚኒሶታ ሐበሾች ክርክር

የደሴዋ፦ ስፖኬን ከተማ (ዋሽንግተን ስቴት) ጁን 16 ቀን 2025 የቢትኮይን ማሽኖችን (ካሽ አጉርሰው ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚገዙባቸውንና ለሌላ ሰው የሚልኩባቸውን) ከለከለች የሚለው ዜና ትናንት ማታ እዚህ ግሩፓችን ላይ ሲለጠፍ ባለሱቁ ከሥሩ «የሚሸወድ የትም ይሸወዳል፤ ስቴትም ከተማም እጁን ያንሳ» ብሎ ጻፈ። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። የ67 ዓመት አክስት አለችኝ። «አካውንትሽ ተሰርቋል፣ ብርሽን አውጪና ደህና ቦታ እናስቀምጥልሽ» ብለው አጭበርባሪዎች በስልክ እየነዱ ወደ ማሽኑ ወሰዷት። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ለማሽኑ ሃያ ሃያ ዶላሩን ስታጎርሰው የሱቁ ልጅ ቆሞ ያያል። የትም አልሄደችም እኮ፣ እዚያው ነው የቆመችው።

ባለሱቁ፦ እህቴ፣ ለአክስትሽ ከልቤ አዝኛለሁ። ያልኩትን ግን አላነሳም። ማሽኑ ባይኖር ጊፍት ካርድ ያስገዟት ነበር፣ ወይ ሐዋላ ያስልኳት ነበር። እሱም ይከልከል? እኔ ከቤንዚን የማገኘው በጋሎን ሳንቲም ነው። ሱቄ ውስጥ የቆመው ማሽን በየወሩ ኪራይ ያስገባልኛል።

ታዛቢ፦ የኪራዩን ነገር ትናንት ማታ ብትነግረን ኖሮ ጽሑፍህን በሌላ ዓይን እናነበው ነበር።

ባለሱቁ፦ ጋሼ ታዛቢ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ልጆቼን በማሳድግበት ገንዘብ አልፈርም። ሕግ ጥሼ አላውቅም።

ጉራማይሌ፦ ለማንኛውም የሕጉን ነገር አስተካክለን እንነጋገር። ሚኒሶታ በ2024 ያወጣችው ክልከላ ሳይሆን ገደብ ነው። ከዚያ ዓመት ኦገስት ጀምሮ በወጣው ሕግ አዲስ ደንበኛ በቀን ከ2,000 ዶላር በላይ አያስገባም። ተታሎ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ካመለከተ ገንዘቡ ይመለስለታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ አዲስም ነባርም ሳትል በቀን 1,000 ዶላር ላይ አቁማዋለች። ስለዚህ «ስቴት አያስፈልግም» ማለት ልክ አይደለም። ስቴቱ እየሠራ ነው።

የደሴዋ፦ ጉራማይሌ፣ ሕጉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ አልቅሼም ነው ያነበብኩት። «አዲስ ደንበኛ» የሚባለው ለመጀመሪያው 72 ሰዓት ነው። አክስቴን አንዱ ማሽን ላይ 2,000 ሲሞላባት ወደ ሌላ ድርጅት ማሽን ላኳት፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሁሉም ጋ አዲስ ናት! 14 ቀኑስ? ለልጆቿ መናገር አፍራ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። እኛ ስንሰማ ቀኑ አልፏል።

ሸገር፦ እንግዲህ ችግሩ ይሄ ነው፣ ሃምሳ ስቴት ሃምሳ ሕግ። ኒው ዮርክ በ2015 ቢትላይሰንስ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ንግድ ፈቃድ ስታወጣ ክራከን የመሰለ ቢትኮይን አገበያይ ድርጅት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። አጭበርባሪው ግን አልወጣም። የሚሸሸው ሁልጊዜ ሕጋዊው ነው። ፌዴራል መንግሥት አንድ ሕግ ያውጣና ይለቅ።

ጉራማይሌ፦ ያው ክራከን በ2020 ዋዮሚንግ ሄዶ የባንክ ፈቃድ አላገኘም? የሰጠችው ስቴት ናት። ዋሽንግተን ዲሲን እየጠበቀ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ደጅ ይጠና ነበር።

ሸገር፦ ዋዮሚንግ ሰው የላትም፣ ከብት ነው ያላት። ሕግ ማውጣት ምን ያቅታታል?

ጉራማይሌ፦ ከብት ያላት ስቴት ናት ኒው ዮርክን የቀደመቻት። እኔ ሦስት ዓመት ዋና ከተማዋ ቸያን ሠርቻለሁ። ሰዎቹን አትናቃቸው።

ታዛቢ፦ ከብቱን ተዉትና ወደ ነገራችን እንመለስ። ኤፍቢአይ ለ2024 ብቻ በእነዚህ ማሽኖች ወደ 11,000 የሚጠጋ አቤቱታ፣ ወደ 247 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ከሌላው የዕድሜ ክልል ሁሉ ይልቅ ብዙ የተወሰደው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ነው። «የትም ይሸወዳል» ከተባለ፣ ለምን እዚህ ማሽን ላይ ተሰበሰቡ?

ባለሱቁ፦ ሁሉም ተጠቃሚ ሽማግሌ አይደለም። ባንክ የሌለው፣ በካሽ የሚሠራ የኛ ሰው አለ። ሀገር ቤት ለእናቱ የሚልክም አለ።

ታዛቢ፦ በማሽን? ያን ሁሉ ኮሚሽን ከፍሎ? የሚያውቀው ልጅ በስልኩ አፕ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ዲጂታል ገንዘብ) ይገዛል። ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ለክፍያ ሕገወጥ ነው ብሏል። እዚያ የሚቀበለውን ዘመዳችንን ነው ጣጣ ውስጥ የምንከተው።

ሸገር፦ ብሔራዊ ባንክን አታምጡብን። ዶላሩ በጥቁር ገበያ እጥፍ ሲሆን ያ ባንክ ዝም ብሎ ያይ ነበር። የእናቴን የመድኃኒት ብር በባንክ ምንዛሪ ስልክ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ።

ታዛቢ፦ ከጁላይ 2024 ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ተለቋል እኮ። የዱሮውን ቁስል ለምን ለዛሬ ማሽን ጠበቃ ታደርገዋለህ?

ሸገር፦ ቁስሉ የኔ ነው፣ ጋሼ። መቼ እንደሚሽር እኔ ነኝ የማውቀው።

የደሴዋ፦ ይቅርታ፣ እኔ ስለ ብር ምንዛሪ አልጠየቅኩም። ባለሱቁን አንድ ነገር ልጠይቀው። ስልክ ጆሮዋ ላይ ያለች እናት ማሽንህ ጋ ቆማ ስታይ ምን ታደርጋለህ?

ባለሱቁ፦ በአማርኛና በኦሮምኛ ወረቀት ለጥፌያለሁ። «መንግሥትም ባንክም በዚህ ማሽን ክፈሉ አይልም» ይላል።

የደሴዋ፦ ወረቀቱን ሳይሆን አንተን ነው የጠየቅኩት።

ባለሱቁ፦ ሄጃለሁም። ባለፈው ክረምት አንዷን «እማማ፣ ማን ነው የሚያነጋግርዎ?» አልኳቸው። «የሱቁ ሰው ከሌቦቹ ጋ ነው፣ እንዳታናግሪው» ብለው አጭበርባሪዎቹ በስልክ ቀድመው ነግረዋቸዋል። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙብኝ። እኔን ፈርተው!

የደሴዋ፦ እና አስገቡ?

ባለሱቁ፦ አስገቡ።

የደሴዋ፦ ይኸው። የትም አይደለም፣ አንተ ሱቅ ውስጥ ነው። ማሽኑን ንቀለው።

ባለሱቁ፦ ብነቅለው ማዶ ያለው ጋዝ ስቴሽን ሁለት አለው።