ዕቃው በየጊዜው እየተለወጠ ነው፤ ለእህቴ ልጅ ምን ላስተምረው?

ጠጋኙ (ከዚራ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሶ «ሙያህን አስተምረኝ» እያለኝ ነው። እህቴ ደግሞ «ነገ እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ብላ ቁርጡን እንድነግራት ትፈልጋለች። መልሱ ጨንቆኛል።

እኔ ስጀምር ሰባት ትራንዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚያጎላ ወይም የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ) ያላት ሬዲዮ ትመጣለች፤ መልቲሜትር ይዘህ አንድ በአንድ ትለካለህ፣ የሞተውን ነቅለህ ሌላ ትበይዳለህ። ቀጥሎ የመጣው ባለ ትልቅ ሆዱ ቴሌቪዥን ነው። የአንዱን ሰርኪዩት በደንብ ካወቅክ ብዙ ዓመት ያኖርሃል። ፍላይባኩ፣ ማለትም ለስክሪኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ትራንስፎርመር፣ ሲቃጠል በሽታውም መድኃኒቱም ያው ነው። የድሬ ሙቀት ደግሞ ሥራ አያሳጣንም፤ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ስቀይር እውላለሁ።

አሁንስ? በቀደም ባለ 32 ኢንች ፍላት መጣልኝ። ድምፅ አለው፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። የእጅ ባትሪ አስጠግቼ ሳበራበት ምስሉ ከሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፓነሉ ደህና ነው፤ የሞተው ከኋላ የሚያበራለት የኤል ኢ ዲ መስመር ነው። መብራቶቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። ፓነሉ እንዳይሰነጠቅ ለሁለት አነሳነው፣ የተቃጠለችውን ለይቼ ቀየርኩ፣ በራ። በማግስቱ ሌላ ሰው ያንኑ ማርካ፣ ያንኑ 32 ኢንች፣ ያንኑ በሽታ ይዞ መጣ። ስከፍተው የመስመሩ ርዝመት ሌላ፣ ቮልቴጁ ሌላ፣ ቦርዱም ሌላ። ያለኝ መለዋወጫ አይገባለትም።

ለውጡ እንዲህ መፍጠኑ ድሮም የተነገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎርደን ሙር፣ በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ፣ አንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍረው ትራንዚስተር በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል አለ፤ በ1975 ደግሞ «በየሁለት ዓመቱ» ብሎ አስተካከለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 የሚባለው ቺፕ የነበረው 2,300 ትራንዚስተር ነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ቢሊዮኖች ይዟል። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጉብዝናውን እኔ ጋ ጨርሶ ሙያው ከእጁ እንዲያመልጥ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የታይዋን ልጅ፦
ወንድም ጋሼ፣ ስልክ አስተምረው በቃ። እኔ ታይዋን ገበያ ነው የምሠራው። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬ ነው፤ አዲስ ነገር ቶሎ ይደርሰናል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ስልኩን ጥሎልኝ አይሄድም፤ ብሩ እዚያ ውስጥ ነዋ! የቻርጅ ሶኬቱን እስክበይድ አጠገቤ ቆሞ «ቶሎ በል፣ ለባጃጅ የምከፍለው የለኝም» ይለኛል። ሥራ ሞልቷል አቦ።

ጠጋኙ (ከዚራ)፦
ሶኬትና ስክሪን መቀየሩን ቶሎ ይለምደዋል። ቦርዱ ሾርት ሲያደርግ ግን ምን ትሠራለህ?

የታይዋን ልጅ፦
ከፓወር ሳፕላይ 1 ቮልት ገደማ እሰጠውና ቦርዱን አልኮል እቀባዋለሁ። ሾርት ያደረገው ካፓሲተር ስለሚግል እሱ ላይ ያለው አልኮል ቀድሞ ይደርቃል። እሱን አንስቼ እለካለሁ። ስልኩ የትኛውም ይሁን፣ ዘዴው ይሠራል።

የለገሀሬው፦
ልጆቼ፣ አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው፤ ናፍጣው የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የአሁኑ በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ይሄዳል። በፊት አንድ ለውጥ የሰው ዕድሜ ይፈጅ ነበር፤ የአሁን ልጅ ገና ሙያውን ሳይጨርስ ሌላ ይመጣበታል። ፍጥነቱን እንኳ እንችለው ነበር። አባቴና ጓደኞቹ ንድፉ በእጃቸው ስለነበር የጎደለውን ብረት እዚያው ቶርኖ ላይ ያወጡት ነበር። ዛሬ ዕቃው በማጣበቂያ ታሽጎ ይመጣል፣ ንድፉን አምራቹ ይደብቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 አምራቾች ለአንዳንድ ዕቃዎች ጥገና እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። እኛም ልንጠይቅ ይገባናል፤ ዕቃውን በገንዘባችን ነው የምንገዛው።

መምህርቷ (ሐረር)፦
ሸንኮር አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ወንድሜ፣ ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚነግረን የኦም ሕግ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ የእርስዎ ሬዲዮም የታይዋኑ ልጅ ስልክም በሱ ነው የሚተዳደሩት። ተማሪዎቼን ሳይ ሙያውን ጥለው የሚወጡት መፍታትና መግጠም ብቻ የለመዱት ናቸው። ለክቶ ማወቅ የለመደው ግን ሶላር ኢንቨርተር ስሰጠውም አይደነግጥም። ከዕቃው ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም ለሌላው ክፍል ኃይል ከሚያድለው ቦርድ፣ ያስጀምሩት፤ ሁሉም ዕቃ እሱ አለው። ዳታሺት፣ ማለትም አምራቹ ስለ እያንዳንዱ ክፍል የሚያወጣውን መግለጫ፣ ማንበብም ከመጀመሪያው ይልመድ፤ እንግሊዝኛው ከብዶት ብዙ ጎበዝ ልጅ ሲቀር አይቻለሁ። እባክዎ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ እንደሚቆይ ሳይነግሩት አያስነኩት።

ጠጋኙ (ከዚራ)፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። እህቴን ዛሬውኑ አናግራታለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ሆኖ ፓወር ሳፕላይ ይፈታል፣ እያንዳንዱን ሳይለካ አይገጥምም። ከሰዓት ግን ስልክ ቦርድ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል። የታይዋኑ ልጅ፣ ትይዝልኛለህ? ለድካምህ የሚገባህን እከፍላለሁ።

የታይዋን ልጅ፦
ላከው አቦ። ክፍያውን ተወው፤ በምትኩ ያንን ፍላት ስትከፍት እኔንም ጥራኝ።