የእማዬን በርበሬ አዘገጃጀት በስልክ ልቀርጽ ነው፤ እንዴት ላድርገው?

የደሴዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። እህቴ ጂዳ ነው የምትኖረው። ከሱቅ የምትገዛው በርበሬ የቤታችንን አልሆን ብሏታል። እስካሁን አስፈጭተን እንልክላት ነበር፤ አሁን ግን ራሷ ማዘጋጀት ትፈልጋለች። እማዬን ደውላ ስትጠይቃት መልሱ አንድ ነው፦ «እፍኝ ጨምሪበት፣ ከዚያ ሽታው ይነግርሻል።» ሽታው ደግሞ በስልክ አይሄድም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሙሉውን ልቀርጽላት ነው። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ ሲታመስ፣ እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ። ያለኝ አንድ ሳምሰንግ ስልክ ነው። ማድ ቤታችን ጨለም ይላል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩል ብቻ ነው። ዘነዘናው ሲመታ ደግሞ የእማዬ ድምፅ አይሰማም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ «ዩቲዩብ ላይ ለሁሉም ሰው እንልቀቀው፣ ገንዘብም ይገኝበታል» ይላል። እማዬ ሻሿን አስራ፣ የቤት ልብሷን ለብሳ ነው የምትሠራው። ልጆቿ ቢያዩዋት ደስ ይላታል። የማያውቃት ሰው ከሥር የፈለገውን ሲጽፍባት ግን እኔ አልችለውም። ጥራቱ ሳይቀንስ ለእህቴ ብቻ እንዴት ላድርስላት?

ሠርግ ቀራጩ፦

እህቴ፣ መቅረጽ ሥራዬ ነውና ስለ ብርሃኑ ልንገርሽ። ሙቀጫውን ወደ በሩ አስጠጊው። ብርሃኑ እናትሽን ከጎን ያግኛቸው። በሩ ከጀርባቸው ከሆነ ፊታቸውም እጃቸውም ይጠቁራል። መብራት ከመጨመርሽ በፊት የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ማድ ቤት ውስጥ ቶሎ ቅባት ይይዘዋል።

ስልኩን አግድም ያዢ። ወይም ሳጥን ላይ አስደግፊውና ከእጃቸው አትራቂ። ምስሉን በጣት እየጎተትሽ ከማቅረብ ስልኩን ራሱን ማስጠጋት ይሻላል። መቅረጽ ልትጀምሪ ስትይ እጃቸው ያለበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ተጭነሽ ቆዪ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። አለበለዚያ ስልኩ እያንዳንዱን የዘነዘና ምት እየተከተለ አንዴ ይደበዝዛል፣ አንዴ ይጠራል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ስልክ ተደውሎ እንዳያቋርጥብሽ።

ድምፁ ደግሞ ከምስሉ ይበልጣል፤ ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምልሽ። የወንድምሽን ስልክ ተዋሺ፣ ድምፅ መቅጃውን ክፈቺና እናትሽ ኪስ ውስጥ ክተቺው። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭቢ። በኋላ በካፕከትም ሆነ በኢንሾት ስታስተካክዪ የጭብጨባውን ድምፅ ከጭብጨባው ምስል ጋር ታገጥሚዋለሽ፣ ሌላው ሁሉ ይከተላል። እየወቀጡ አታናግሪያቸው። ዘነዘናው ሲያርፍ ጠይቂ፣ ይመልሱልሽ፣ ከዚያ ይቀጥሉ።

ስቶክሆልም ያለሁት፦

የእኔ እናት ሽሮ ስታዘጋጅ እንዲህ ተቀርጾ ተልኮልኝ ነው የለመድኩት። እና ከተቀባይ ወገን ልናገር። ሩቅ ላለ ሰው የሚጠቅመው ቆንጆ ምስል አይደለም። ልክ ነው። እማማ እፍኛቸውን ከመጨመራቸው በፊት ሚዛን ላይ ያድርጉትና ቁጥሩ በካሜራ ይታይ። በርበሬውም ስንት ኪሎ እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ይነገር። አለበለዚያ እህትሽ ያየችው እፍኝ የእሷ እፍኝ አይደለም፣ እጇ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ቀለሙም እንደዚሁ። ሳይታመስና ከታመሰ በኋላ ትንሽ ትንሽ ነጭ ሳህን ላይ አድርጊና ደጅ፣ የቀን ብርሃን ላይ ቅረጪው። በማድ ቤት መብራት የታየ ቀለም አይታመንም። የማመሱን ክፍል ደግሞ አትቁረጪው፣ አታፍጥኚው። ሰው የሚያሳርረው እዚያ ላይ ነው። ሽታው ባይሄድም ድምፁ ይሄዳል፤ አዝሙዱ ሲንጣጣ ይሰማት። እባክሽን ሙዚቃ አትጨምሪበት። ማሰጣቱን አታስቢበት፣ ጂዳ ፀሐይ ሞልቷል። እኔ ነኝ እዚህ በምድጃ የማደርቀው።

የሌሊት ጥቅል፦

ስለ አላላኩ፦ ዋትስአፕ በተለመደው መንገድ ከላክሽው ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል። በቴሌግራም ስትልኪ «ፋይል» የሚለውን ምረጪ፣ እንደ ቪዲዮ አይደለም። እንደዛ ሲላክ እንዳለ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቅዳል። የእያንዳንዱን ሥራ ክፍል ለየብቻ ላኪ፦ ድለዛ፣ ማስጣት፣ ማመስ። እህትሽም ምጣዱ ፊት ቆማ የምትፈልገውን ቶሎ ታገኛለች። የምትልኪው ማታ በሌሊት ጥቅል ይሁን፣ ኪስሽም አይጎዳ።

ዩቲዩብ ካላችሁ ሦስት ምርጫ አለ። ፐብሊክ ሁሉም ያየዋል። አንሊስትድ ስትዪው ፍለጋ ላይ አይወጣም፣ ግን ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያየዋል፣ ለሌላም ያስተላልፈዋል። ፕራይቬት የሚያየው በኢሜይል የጋበዝሽው ሰው ብቻ ነው፤ አስተያየትም አይጻፍበትም። ለአንቺ የሚሆነው ፕራይቬት ነው።

ለወንድምሽ ይህን ንገሪው፦ ከማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል። የሚቆጠረውም ፐብሊክ የሆነው ቪዲዮ ብቻ ነው። በአንድ የበርበሬ ቪዲዮ የሚደረስበት አይደለም። ለዚያ ሲባል እናትን አደባባይ ማውጣት አይገባም።

የደሴዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሚዛኑን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ከጎረቤት እዋሳለሁ። የስቶክሆልሟ፣ እናትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ። ወንድሜ ስልኩን ሊሰጠኝ ተስማምቷል፣ የ4,000 ሰዓቱን ነገር ሲሰማም ዝም አለ። እማዬን ራሷን ጠየቅኳት። «ለልጆቼና ለልጅ ልጆቼ ከሆነ ቅረጪ፣ ለሌላ አይሆንም» አለች። ስለዚህ በቴሌግራም፣ በፋይል ይላካል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ወፍጮ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው የሚበዛበት ነው። እዚያስ እንዴት ልቅረጽ?

ሠርግ ቀራጩ፦

ወረፋውን አትቅረጪ። ባለ ወፍጮውን አስፈቅጂና በርበሬው ከወፍጮው አፍ ሲወርድ፣ ከዚያ እናትሽ በጣታቸው አሽተው ልመቱን ሲያዩ፣ እሱን ብቻ ያዢ። አልላመም ብለው ዳግም እንዲፈጭ ካዘዙም እሱ ይግባ፤ እህትሽ መቼ «በቃ» እንደምትል የምታውቀው ከዚያ ነው። ዋናውን ቅጂ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ከዚያ በፊት ከስልኩ ላይ ምንም አታጥፊ።