የጋራ ኮክፒታችን፦ ወንበሩ ይቅደም ወይስ ስክሪኑ?

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የበረራ ሲሙሌተር ማኅበራችን በኮምፒውተር የሚበርበትን የጋራ ኮክፒት (የአብራሪ ክፍል) ለመሥራት ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበውን ፕሮፖዛል እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ቦታው ተገኝቷል። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው አባላችን ትንሿን መኝታ ክፍል ለማኅበሩ እሰጣለሁ ብሏል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ክፍሉ 3 ሜትር በ2.70 ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። እስካሁን ረቂቁ ላይ የሰፈረው ሦስት ባለ 27 ኢንች ስክሪን፣ ዮክ (በእጅ የሚያዘው የአውሮፕላን መሪ)፣ ፔዳል (የጅራቱን መሪና ፍሬኑን በእግር የምንቆጣጠርበት)፣ ኮምፒውተር እና “ልዩ ልዩ” ነው። ወንበሩ ያለው “ልዩ ልዩ” ውስጥ ነው። ለእኔ ይሄ አልተዋጠልኝም። እናንተስ?

የሜክሲኮው፦
ወንበርማ የትም አይጠፋም። እኔ ጋ ትርፍ የቢሮ ወንበር አለ፣ በነጻ አመጣለሁ። ብሩን ስክሪን ላይ እናውለው። ሰው ገብቶ “ዋው” የሚለው ስክሪኑን አይቶ ነው።

ጋሼ መካኒኩ፦
ልጄ፣ ጎማ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ፔዳል ረግጠህ ታውቃለህ? አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ፍሬን ስትይዝ ፔዳሉ ወደ ፊት፣ አንተ ወደ ኋላ ነው የምትሄዱት። የኮንዶሚኒየሙ ወለል ደግሞ ሴራሚክ ነው፣ ምንም አይዝም። ወንበሩና ፔዳሉ አንድ ፍሬም ላይ ካልታሰሩ፣ የጎን ነፋስ እያለ ማረፍ የሚባለውን ነገር እርሱት።

ሱማሌ ተራ ሂዱና ከመኪና የወጣ የፊት ወንበር ፈልጉ። የሚንሸራተትበት ሐዲድ አብሮት ይመጣል። ጀርባውም ይስተካከላል። ያንን እኛው እንሥራው ብንል ወር ይፈጅብናል፣ ያውም ከተሳካ። ስፖንጁ የሞተ ከሆነ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ልጆች ይቀይሩታል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ጎኑ ላይ ኤርባግ ያለበትን ወንበር እንዳትገዙ። የሚፈነዳ ነገር የጎድን አጥንታችን አጠገብ ምን ሊያደርግልን!

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። እኔ የምጨምረው ልክ ስለመውሰድ ነው። እኔ 1.58 ነኝ፣ ክፍሉን የሰጠን የቤቱ ባለቤት ወደ 1.90 ይጠጋል። ለሱ ተለክቶ የተሠራ ፔዳል ላይ የእኔ እግር አይደርስም። ስለዚህ “ምቹ ወንበር” ብለን አንለፈው። ምን ምን እንደሚስተካከል በዝርዝር ይጻፍ።

ተራ የምግብ ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ዮክ እዚያ ላይ ስታስሩ እጀታው ደረት ላይ ይመጣል። ትከሻ ሳይታወቅ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ አንገት ይይዛል። ዮኩ ከጭን በላይ ሆኖ ጉልበት የማይነካ፣ ሲያዝም ክርን ወደ 90 ዲግሪ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። በመኪና ወንበር ቁመት ይሄ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ቋሚዎቹ ላይ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ቢበሳ ማንም እንደ ቁመቱ ብሎኑን ነቅሎ ይሰካዋል። ፔዳሉም እንዲሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሂድ። ተረከዝ ወለል ላይ ይረፍ። አንዱን ፔዳል እስከ ጥግ ስትገፉ ዳሌያችሁ ከወንበሩ ከተነሳ ፔዳሉ ርቋል ማለት ነው።

ባለቤቱ፦
በሁሉም እስማማለሁ። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የክፍሉ በር 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ደረጃው መዞሪያው ላይ ሶፋ እንኳ በመከራ ነው የሚያልፈው። ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ በብየዳ ከተያያዘ እዚያው ይቀራል። ነገ ቤት ብለቅስ? 2016 ላይ ፒያሳ የነበሩ አባሎቻችን ሲነሱ አንዱ የት፣ አንዱ የት እንደደረሰ አይታችኋል። ኮክፒቱ የማኅበሩ ነው፣ ከማኅበሩ ጋር መሄድ መቻል አለበት።

በያጁ፦
ችግር የለም። ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ እንጠቀም። በአራት ክፍል እሠራዋለሁ፦ የወንበሩ መሠረት፣ የፔዳሉ ሐዲድ፣ የዮኩ መደርደሪያ፣ የስክሪኑ መቆሚያ። ብየዳው እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ይሁን፣ አራቱ ግን በብሎንና በዳዶ ይያዙ። መደርደሪያው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፕውድ አትግዙ፣ የዮክ ማሰሪያ ሲያጠብቁበት ጠርዙ ይፈረፈራል። ቁልፍና ካቻቪቴ የያዘ ሁለት ሰው በቀላሉ ፈትቶ ያወርደዋል። የእጄን አልጠይቅም፣ የብረቱንና የኤሌክትሮዱን ብቻ ቻሉ።

የሜክሲኮው፦
እሺ፣ ወንበሩ ላይ ተሸነፍኩ። ሦስቱን ስክሪን ግን አትንኩብኝ።

የአራት ኪሎዋ፦
ልንነካው ነው 😀 ተረጋግተህ አስላው። ባለ 27 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስትቀመጥ 46 ዲግሪ ያህል ይሸፍንልሃል። ባለ 43 ኢንች ቲቪ ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያው ርቀት 68 ዲግሪ ይሰጥሃል። ሦስቱ ስክሪን ዙሪያህን ቢይዙ የተሻለ ነው፣ አልክድም። ግን ግራፊክስ ካርዱ የሦስት ስክሪን ሥዕል መሳል አለበት። ያን የሚሸከም ካርድ ዋጋ ስንት እንደገባ ገንዘብ ያዣችንን ጠይቅ።

ባለ 43 ኢንች ቲቪና አንድ ተራ ዌብካም እንግዛ። ኦፕንትራክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጭንቅላትህን በካሜራው ይከተላል። ትንሽ ወደ ግራ ስትዞር የኮክፒቱ እይታ ብዙ ይዞራል። ለማረፍ ስትዞር ማኮብኮቢያውን በመስኮት ፈልገህ ታየዋለህ። የቲቪው መሐል ዓይን ትይዩ ይሁን፣ ከፍ ካለ አንገት ያማል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ዮኩ መሣሪያዎቹን ይጋርዳል።

የሜክሲኮው፦
ቪአር መነጽርስ?

ጋሼ መካኒኩ፦
እኔ መነጽር አደርጋለሁ። በላዩ ሌላ መነጽር? ይቅርብኝ። ደግሞስ ያ ሁሉ የሠራነው ማንሻ ዓይን ተሸፍኖ በዳሰሳ ሊገኝ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ሳምንት አይቆይም። ፕሮፖዛሉ ላይ ቁርጥ ያለ ዋጋ አልጽፍም፣ ፐርሰንት እጽፋለሁ። ኮምፒውተር 50፣ ቲቪ 15፣ ዮክ፣ የሞተር ማንሻና ፔዳል 20፣ ፍሬምና ወንበር 10፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) 5። ወንበሩ ከ“ልዩ ልዩ” ወጥቶ የራሱን መስመር ይዟል። ዕቃ ወዲያው የምንገዛው ግን ብሩ ሞልቶ እጅ ላይ ሲገባ ነው። በዱቤ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ዮክ ይሁን ሳይድስቲክ (በጎን በኩል በአንድ እጅ የሚያዝ መሪ) የሚለውም ገና አልተወሰነም። ማን ያስረዳኝ?

ባለቤቱ፦
የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም አለው። የቦይንግ ድሪምላይነሩ በዮክ፣ የኤርባስ ኤ350 በሳይድስቲክ ነው የሚበረረው። ስለዚህ በአገር ፍቅር አይወሰንም። አብዛኞቻችን ገና ትንሿ ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 ላይ ነን፣ እሱ ደግሞ ዮክ ነው። ዮክ ይሁን።

ከዮኩ ይልቅ የምጨነቀው ሞተሩን ለምንቆጣጠርበት ማንሻ ነው። ባለ ሁለት ማንሻ የኤርባስ ዓይነት እንዳንገዛ። ሦስት ማንሻ ያለው ይሁን፣ አንዱ ለሚክስቸር፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ለመመጠን። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሴስናን ሚክስቸሩን እስከ ጥግ ገፍታችሁ ከዚህ ብታስነሱት ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ማኮብኮቢያው እያለቀ እናንተ ገና መሬት ላይ ናችሁ። የባሕር ዳርቻ አገር ሰው ያንን ማንሻ ረስቶት ቢበር ብዙም አይጎዳም። እኛ ግን ከቤታችን ለመነሳትም ያስፈልገናል። በኪቦርድ ሚክስቸር ማስተካከል ደግሞ አይመችም።

ጋሼ መካኒኩ፦
ይሄ ልጅ ገብቶታል።

ጸሐፊ፦
ሶፍትዌሩስ? ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ምድሩን አብዛኛውን ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። ኔት ሲቆራረጥ ሕንፃው ሁሉ የቀለጠ ሰም ይመስላል። ኤክስ-ፕሌን 12 ግን አንዴ ዲስክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ካርታውን ይዞ ይሠራል። ኔት ሲኖር በአንዱ፣ ሲጠፋ በሌላው እንብረር። ሁለቱንም የሚይዝ ሰፊ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ይገባ።

የታችኛው ፎቅ ነዋሪ (የማኅበራችንም አባል)፦
እኔም አለሁ እኮ! ወንበር ሥር የሚንቀጠቀጥ ስፒከር የሚል ነገር አሮጌው ረቂቅ ላይ አይቻለሁ። ጣሪያዬ ላይ ቦይንግ ሲነሳ መስማት አልፈልግም። ልጆች አሉኝ። ፍሬሙ ሥር ወፍራም ጎማ ይነጠፍ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሄድሴት ይሁን። የሚንቀጠቀጠው ነገር ጭራሽ ይቅር።

ባለቤቱ፦
ይቅር። መብራትን በተመለከተ፣ ኮምፒውተሩና ቲቪው ሲሠሩ 500 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ። 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ደቂቃዎች ቢያቆይ ነው። እሱም በረራውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል። ያ ሁሉ ዋት ግን ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። የኮምፒውተሩ ጀርባ ወደ መስኮቱ ይዙር፣ መስኮቱም ይከፈት።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተስማማንበት ረቂቅ ይሄ ነው፦

“ማኅበሩ በልደታ ኮንዶሚኒየም በአንድ አባል ቤት የሚቀመጥ፣ ንብረትነቱ የማኅበሩ የሆነ ኮክፒት ይሠራል። ፍሬሙ በአራት ክፍል የሚፈታ ነው። ወንበሩ፣ ፔዳሉና የዮኩ መደርደሪያ ቁመታቸው ከ1.55 እስከ 1.90 ሜትር ለሆኑ አባላት ይስተካከላሉ። ስክሪኑ አንድ ባለ 43 ኢንች ነው፣ መቆሚያው ግን ወደፊት ግራና ቀኝ ስክሪን ለመጨመር የሚያስችል ክንድ ይኖረዋል። ፍሬምና ወንበር ተሠርተው አባላት ተቀምጠው ሳይለኩ ሌላ ዕቃ አይገዛም።”

ክንዱ ለሜክሲኮው ማጽናኛ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው፣ የምትቃወሙ ካላችሁ ተናገሩ።

የሜክሲኮው፦
ክንዱን ተቀብያለሁ። አልቃወምም። ግን የመጀመሪያው በረራ በዲሲ-3 ይሁንልኝ። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የበረረው በአስመራ አድርጎ ካይሮ ነበር፣ አውሮፕላኑም የዲሲ-3 ወታደራዊው ወንድም ሲ-47 ነው። ዲሲ-3 ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይክሮሶፍቱ ውስጥ በነጻ አለ።

ጋሼ መካኒኩ፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ዲሲ-3 ጅራቱ መሬት ላይ ነው፣ ሲንደረደር አፍንጫው ወደ ጎን መሸሽ ይወዳል። ፔዳሉ በደንብ ሳይታሰር አይሞከርም። ቅዳሜ ጠዋት ሱማሌ ተራ የሚሄድ ማነው? እኔ ሜትርና ፒንሳ ይዣለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦
እኔ አለሁ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ካልለካሁ አይገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦
ደረሰኝ አምጡ።